መርፌና መስመር በአዲሱ ሲዝን

ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «በማውረድ ላይ።» መጋረጃ ሰፊዋ የሰው ሳሎን መጋረጃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ክሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከስክሪኑ ግርጌ ያለችው ሰማያዊ ጭረት እንደ ኤሊ ትንፏቀቃለች። ትንፏቀቅና ትቆማለች። እሷ ስትቆም የሴትዮዋም እጅ አብሮ ይቆማል።

«ሂጂ እንጂ እንግዲህ» ትላታለች ጭረቷን፣ ሁለት መርፌ በጥርሷ እንደያዘች። «ማን ያዘሽ?»

ማን እንደያዛት ግን አሳምራ ታውቃለች። የያዘቻት ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ ናት። የኢንተርኔቱ መስመር አንድ ነው፤ በታላቂቱ ክፍል ይገባና ግድግዳው ላይ በተበሳች ቀዳዳ አልፎ ለታናሺቱ ይደርሳል። ሁለቱም ያንኑ የጨዋታ አፕዴት ባንድ ጊዜ እየጎተቱ ነው። አንዷ ቆም ብትል የሌላዋ ቶሎ ያልቅና ተራ በተራ ይገላገሉ ነበር። ለዚህ ግን አንዷ ለሌላዋ «እስቲ ቆም በዪ» ማለት አለባት። እነሱ ደግሞ አይነጋገሩም።

ቤቱ የእናታቸው ነበር። እናትየው ካረፉ በኋላ ሰፊው ክፍል ከመሐሉ በኮምፔንሳቶ ተከፈለና የመንገዱ ወገን ለታላቂቱ፣ የጓሮው ወገን ለታናሺቱ ደረሰ። ታላቂቱ ዕድሜዋን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋ የኖረች ናት። ታናሺቱ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፤ ስንቱን ሰው ከስንቱ ጋር ስታገናኝ ኖራ በቅርቡ ጡረታ ወጥታለች። ጎረቤት ይቀልድባታል፤ አገር ያገናኘች ሴት ለገዛ እህቷ መስመር አጣች ይላል።

ያጣላቸው አልጋ ነው፤ የእናታቸው የብረት አልጋ። ባረፉ በሳምንቱ ታላቂቱ አልጋውን አውጥታ ለጎረቤት ሰጠችው። ባዶውን ማየት አቅቷት ነው እንጂ ክፋት አስባ አልነበረም። ታናሺቱ ከሥራ ስትመለስ ወለሉ ላይ የአልጋውን የአራት እግሩን ምልክት ብቻ አገኘች።

«ሳትጠይቂኝ?» አለች።

«ማንን ልጠይቅ?» አለች ታላቂቱ።

ነገሩን ያበላሸው ይህ መልስ ነው። ታላቂቱ ሐዘን አደንዝዟት ያመለጣት ቃል ነበር፤ ታናሺቱ ግን «አንቺ ማን ነሽና» ብላ ነው የሰማችው። ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ጋ ሲገናኙ አንዷ ሰማይ ሰማዩን፣ ሌላዋ ባልዲዋን ታያለች።

የታላቂቱ ልጅ ሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ትዳር የያዘ፣ የልጆች አባት ነው። እናቱንና አክስቱን ለማስታረቅ ለምኗል፣ ተቆጥቷል፣ አኩርፏል፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። በመጨረሻ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ጭኖ መጣና አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ተከለ። ግድግዳውን በስቶ ሽቦ አሳለፈ። «የምጫወተው ጨዋታ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ጎደለኝ» አላቸው። ውሸቱን ነበር። እነሱም ውሸቱን መሆኑን አላጡትም፤ ግን አንዷ እሺ ካለች ሌላዋ እምቢ ማለቷ ሽንፈት ሆነባት። ልጁ አስለምዷቸው ሲያበቃ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሁለቱ ቀሩ።

ጨዋታው የተኩስ ጨዋታ ነው። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ከአውሮፕላን ይዘልና አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ መሣሪያ ይለቅማል፤ ከዚያ አንድ ቡድን ብቻ እስኪቀር መተኳኮስ ነው። መነጽሯ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለባትን፣ ጣቷን መርፌ የበሳሳባትን ይህችን ሴትዮ ያየ ሰው፣ አመሻሽ ላይ ጠመንጃ ይዛ የሰው አጥር እንደምትዘል አይጠረጥርም። ልጁ ለእሷ «መርፌ»፣ ለአክስቱ «መስመር» የሚል የጨዋታ ስም ሰጥቷቸዋል።

ማንም ሳያወጣው አንድ ሕግ ወጣ። ጠመንጃ በእጅ እስካለ ድረስ መነጋገር ይቻላል፤ ጨዋታው ውስጥ የተነገረ የጨዋታ ወሬ ነው፣ እንደ እርቅ አይቆጠርም። መጀመሪያ «መርፌ፣ ከኋላሽ ሰው አለ» ነበር። ቀጥሎ «መስመር፣ ፋሻ አለሽ?» መጣ። እያደር ደግሞ «መርፌ፣ ምነው ዛሬ ታስያለሽ? ሎሚ በሙቅ ውሃ አድርገሽ ጠጪ፤ ግራሽን ጠብቂ» ሆነ። በማግስቱ ቧንቧው ጋ አንዷ ሰማይ ሰማዩን፣ አንዷ ባልዲዋን።

የታናሺቱ ድምፅ የስልክ ቤት ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ርቆ የሚሄድ። ለታላቂቱ ሁለት ጊዜ ይደርሳታል፤ መጀመሪያ በኮምፔንሳቶው በኩል ታፍኖ፣ ወዲያው ደግሞ በሄድፎኑ ጠርቶ። ታላቂቱ ግን መርፌ በጥርሷ ይዛ መናገር ለምዳ ድምፅዋ ከከንፈሯ ብዙም አይርቅም።

ደሴቱ ላይ ሁልጊዜ የሚወርዱት አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ላይ ነው። ደህና መሣሪያ ስለሌለው ማንም አይመጣበትም። ፎቁ ላይ ይወጡና ጀርባ ለጀርባ ሰጥተው ይቀመጣሉ።

ልጁ አንዳንዴ ብቅ ብሎ ይናደዳል። «እማ፣ እንዲህ ተጎልታችሁ መቼ ልታሸንፉ ነው?»

«ማን አሸንፉ አለን?» ትለዋለች።

እዚያ ተቀምጣ ነው ታላቂቱ አንድ ነገር ያስተዋለችው። ታናሺቱ ተኳሽ ናት፤ በግራ የመጣ ሰው ኮቴው እንደተሰማ ይወድቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በቀኝ የሚመጣውን ኮቴ አትሰማውም። መንገድ ስትሻገርም አንድ ሞተረኛ በቀኟ በኩል ጥሩምባውን ሲያንባርቅባት ዞር እንኳ አላለችም። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ቤቱን ማዳመጫ የለጠፈችው በቀኝ ጆሮዋ ላይ ነበር። ታላቂቱ ምንም አላለችም፤ ሞተር የውጭ ወሬ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ግን ቦታዋን ለወጠችና በእህቷ ቀኝ ተቀመጠች። ኮቴ ስትሰማ «ቀኝሽ» ትላለች። ታናሺቱ ዞራ ትተኩሳለች። ለምን ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ይህ ሁሉ ደህና ይዞ ሳለ ነው ትናንት የሆነው የሆነው። ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ላይ እንዳሉ ታናሺቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መርፌ።»

«ወዬ።»

«አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ።»

«ጠይቂኛ።»

ታናሺቱ የወፍጮ ቤቱን ፎቅ አንድ ጊዜ ዞረችና ተመልሳ ተቀመጠች። አፏን ስትከፍት ስክሪኑ ጠቆረና ሁለቱንም ከወፍጮ ቤቱ አስወጣቸው። «ሲዝኑ ተጠናቋል። ነገ ታላቁ አፕዴት!» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ርችትም ተተኮሰ። በግድግዳው በኩል ሳል ተሰማ።

ታላቂቱ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ምን ልትጠይቀኝ ነው? ስለ አልጋው ይሆን? ቤቱን እንሽጥ ልትል ይሆን? ወይስ ታማለች? በሩን አንኳኩቶ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ በሩ ያለው ቧንቧውን ዞር ብሎ ነው። ግን ያለ ጠመንጃ እንዴት ተብሎ።

እንግዲህ ዛሬ ጭረቷ የምትንፏቀቀው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ረፋዱ ላይ ጭራሽ ቆመች። «በቂ ቦታ የለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ታላቂቱ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ቦታ የጠፋው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ መሆኑ ገባትና በራሷ ተናዳ ለልጇ ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጠገብኩ ይላል።»

«ምን አለ እማ?»

«ቦታ የለኝም ይላል። ትናንት የነበረውን ጨዋታ ምን ጎደለው ብለው ነው የሚነካኩት? ሰው የተቀደደውን ይጠግናል እንጂ ደህናውን መጋረጃ ቀዶ እንደገና ይሰፋል?»

«ሲዝን ሲቀየር እንዲህ ነው። አዲስ ካርታ፣ አዲስ ልብስ ያመጣሉ። ካልቀየሩት ሰው ይሰለቸዋል።»

«ማነው የሰለቸው? ስሙን ንገረኝ።»

ልጁ ሳቀ። «ፎቶዎቹን አጥፊ። የመጋረጃ ናሙና ፎቶ ሞልተሽበታል።»

የደንበኛዋን ሁሉ የመጋረጃ ፎቶ አንድ በአንድ አጠፋች። አበባ ያለበት ሄደ፤ ባለዘርፉ ሄደ፤ የሠርግ አዳራሹ፣ በእጇ የኮራችበት፣ እሱም ሄደ። ጭረቷ ተነቃነቀች።

«ደግሞ ስማ» አለች ስልኩን ሳትዘጋ። «እዚያ ማዶም ያለችው እየጎተተች ነው። ተራ በተራ ቢሆን ይሻላል በላት።»

«እማ፣ በመሐላችሁ ኮምፔንሳቶ ነው ያለው። እኔ ያለሁት ሌላ ከተማ ነው።»

«አንተ ንገራት።»

«እኔ ፖስታ ቤት ነኝ? ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«እሺ ተወው።»

ተወው ስትል ግን እንዳይተወው ነው፤ እሱም ያውቃታል። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ። የታናሺቱ ድምፅ ታፍኖ መጣ፤ ከዚያ በንዴት ከፍ ሲል ቃሉ ለየ፤ «እሷ ናት ቆም በዪ ያለችህ? ለምን እሷ አትቆምም?»

ታላቂቱ ቆሽቷ አረረ። የልብስ ስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጠችና መጋረጃውን በቁጣ ሰፋችው። የተቆጣ ስፌት ጠማማ ነው፤ ፈትታ እንደገና ጀመረች። ሁለቱም አልቆሙም። ጭረቷም እንደ ኤሊነቷ ቀጠለች።

ከምሳ በኋላ የመጋረጃው ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ልትወስድ መጣች። ዘርፉ ገና አልተሰፋም።

«ዛሬ ይደርሳል ብለሽኝ ነበር እኮ፣ እማማ።»

«ይደርሳል። አፕዴት ይዞኝ ነው።»

ሐኪሟ ስክሪኑን አየችና ፊቷ በአክብሮት ተለወጠ። «ለሥራሽ ነው? የንድፍ ፕሮግራም?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለች ታላቂቱ። ሐሰት አልተናገረችም።

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስታመራ ጭረቷ ዳር ደረሰች። «ተጠናቋል» ሲል ከማዶም «ተመስገን» የሚል ድምፅ ተሰማ። ታላቂቱ መጋረጃውን ወዲያ አለችው፤ ሄድፎኗን አጠለቀች፤ መነጽሯን አደረገች።

ጨዋታው ተከፈተ። ተከፈተ ከተባለ። የምታውቀው በር የለም፤ የምትነካው ቁልፍ በግራ የነበረው በቀኝ ሆኗል፤ ስክሪኑ ሁሉ ቢጫ በቢጫ ነው። «የዳክዬዎች ሲዝን! ስጦታሽን ተቀበዪ!» ይላል። አልፈልግም የሚባልበት ቦታ ፈልጋ አጣች። ስትቀበለው ያ እሷ ራሷ የመረጠችለትን ግራጫ ካፖርት የለበሰ ወታደሯ ከራስ እስከ እግሩ በዳክዬ ልብስ ተሸፍኖ ቆመ። ምንቃር ሳይቀር አለው። ስፌቱ የት እንደሆነ ፈለገች፤ ስፌት የለውም።

«ጉድ እኮ ነው» አለች።

አጠገቧ ሌላ ዳክዬ ብቅ አለ። ከበላዩ «መስመር» ተጽፏል።

«እንደምን ዋልሽ መስመር» አለች ታላቂቱ ወደ ማይኩ፣ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ።

ሄድፎኑ ውስጥ የአውሮፕላኑ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ምናልባት አልተዘጋጀች ይሆናል ብላ ጠበቀች። ከአውሮፕላኑ ዘለሉ። ታች ስታይ ወፍጮ ቤቱ የለም። ወፍጮ ቤቱ በነበረበት ቦታ ሐይቅ ተኝቷል፤ ሐይቁ ላይ ቤት የሚያካክሉ የጎማ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ።

የሰው ቤት ነው እንዴ ያፈረሱት? ማንን ጠይቀው ነው ውሃ የለቀቁበት? ይህን ልትላት አፏን ስትከፍት በግድግዳው በኩል ድምፅ ሰማች። ታናሺቱ እያወራች ነው። ቃሉ ባይለይም ዜማው ይለያል፤ ትጠይቃለች፣ ቆም ትላለች፣ ደግሞ ትጠይቃለች። በሄድፎኑ ግን ምንም አይመጣም።

ስልክ ላይ ናት ማለት ነው። ወይ ደግሞ ሌላ ሰው አግኝታ ከሱ ጋር ታወራለች። እዚህ የገባችው ለይስሙላ ነው። ወይም አኩርፋለች፤ ጠዋት «ቆም በዪ» በመባሏ አኩርፋ፣ ቃል ላትመልስልኝ ምላ ነው የገባችው።

ሐይቁ ዳር ወረዱ። መስመር የተባለችው ዳክዬ መጥታ ፊቷ ቆመች። ዞረች። ተቀመጠች፣ ተነሳች። መሬቱን ተኮሰች። ሌላ ቀን ቢሆን ታላቂቱ ትስቅ ነበር፤ ዛሬ ስድብ ሆኖ ታያት።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ለራሷ። «የምጠይቅሽ አለ ብለሽ ሌሊቱን ስታቃዢኝ አድረሽ፣ ዛሬ ዳክዬ ለብሰሽ ልትዘባበቺብኝ?»

ወዲያ ሄደች። ለብዙ ጊዜ ስትጠብቀው የኖረችውን የእህቷን ቀኝ ትታ ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ተቀመጠች። በግድግዳው በኩል ወሬው አላቋረጠም። እንዲያውም ፈጠነ፤ የተጨነቀ ሰው ንግግር መሰለ። ታላቂቱ ሄድፎኗን ጫን አደረገችው፤ ላለመስማት።

ያኔ ኮቴ ሰማች። በቀኝ በኩል፣ በሣሩ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ የሰው ኮቴ። ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ እህቷ ቀኝ ነው። «ቀኝሽ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። እዚያው ያዘችው። የምታናግሪው ሰው ይንገርሽ፣ አለች በሆዷ።

አንድ ጥይት ተሰማ። መስመር ወደቀች።

ከግድግዳው ማዶ የጩኸት ያህል ከፍ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ኮምፔንሳቶ የማያፍነው የስልክ ቤት ድምፅ መጣ፦

«መርፌ፣ ቀኜን ምነው ተውሽው?»

ታላቂቱ ሄድፎኑን አወለቀች። ስክሪኑ ላይ የእሷም ዳክዬ ከኋላ ተመትቶ ሲወድቅ አየችው፤ አላሳሰባትም። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔን ነበር እንዴ ስታናግሪ የቆየሽው?» አለች።

ቃሉ ግድግዳውን አላለፈም።

መርፌዎቹን ከጥርሷ አወጣች። «እኔን ነበር ወይ ነው የምልሽ!» አለች ደግማ፣ በሕይወቷ ጮሃ በማታውቀው ጩኸት። ጠመንጃ በእጇ አልነበረም።

«ሌላ ማንን አናግራለሁ?» አለች ታናሺቱ ከማዶ። ድምፅዋ ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። «ከአውሮፕላኑ ጀምሮ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጠራሁሽ።»

«በሄድፎኑ አልመጣም። ምንም አልሰማሁም።»

«አንቺ ነሽ ያልሰማሽው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

የታናሺቱ ድምፅ አሁን የኦፕሬተር አልነበረም። «እኔ ደግሞ ያንቺ ድምፅ ሲጠፋብኝ የግራ ጆሮዬም ሄደ ብዬ ደነገጥኩ። የጆሮ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠፋው የሰው ድምፅ ነው ብሎኛል። ተኩሱ ይሰማኛል፣ ውሃው ይሰማኛል፣ አንቺ የለሽም። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

ታላቂቱ ተነሳች። ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች፤ ቧንቧውን ዞረች፤ የጓሮውን በር ገፋችው። ክፍሉ ከተከፈለ ወዲህ እዚህ ገብታ አታውቅም። ታናሺቱ ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ ሄድፎኑ አንገቷ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ጥግ ተለጥፎ ቆሟል፤ መሐል ወለሉ ባዶ ነው። ባዶው ላይ አራቱ የአልጋ እግር ምልክቶች እንዳሉ አሉ። ምንም ዕቃ አልተቀመጠባቸውም።

ሁለቱም ምልክቶቹን አዩ።

«ማየት አቅቶኝ ነው የሰጠሁት» አለች ታላቂቱ።

«አውቃለሁ። ግን መጠየቅ ነበረብሽ።»

«ነበረብኝ።»

ከዚህ በላይ ስለ አልጋው አልተነገረም። ታናሺቱ በርጩማ ሳበችና በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠቻት፤ ሁለቱ ስክሪኑ ላይ አቀርቅረው የጠፋውን ድምፅ ፍለጋ ገቡ።

«ያ አበባ የሚመስለው ምንድነው?» አለች ታላቂቱ።

«ማርሽ ነው። ማስተካከያ ማለት ነው።»

«ማርሽ ከሆነ ጥርሱ የታለ? ወደ ታች አውርጂው። አይ፣ አልፈሽዋል።»

«አላለፍኩትም።»

«አልፈሽዋል እያልኩሽ።»

«በስልክ ቤት እንዲህ እየጎነተለ የሚያሠራኝ አለቃ አልነበረኝም።»

«ስላልነበረሽ ነው።»

በመጨረሻ ለልጁ ደወሉ። ስልኩን በመሐላቸው አስቀመጡት።

«የድምፁ ነገር ነው?» አለ። «ሲዝን ሲቀየር ማስተካከያው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ማይኩም ይዘጋል። ሁለታችሁም መክፈት አለባችሁ። አልነገርኳችሁም?»

«አልነገርከንም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ቆይ፣ የት ናችሁ?» አለ ልጁ።

«ደንበኛህን አስተናግድ» አለችው እናቱ፤ ዘጋችበት።

ማይኩ ተገኘ፤ ተከፈተ። እንግዲህ ሊሠሩት የቀረ ነገር አልነበረም። ታላቂቱ በርጩማዋ ላይ እንዳለች ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«ትናንት የምጠይቅሽ አለ ብለሽ ነበር።»

ታናሺቱ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች። «ቆይ፣ ልግባ» አለች።

ታላቂቱ ምን ለማለት እንደፈለገች ገባት፤ አላቻኮለቻትም። ታናሺቱ ሄድፎኑን አጠለቀችና ጨዋታውን ከፈተች። ቢጫው ሁሉ አለፈ። አውሮፕላኑ ላይ ወጣች፣ ዘለለች፣ ሐይቁ ዳር ወረደች፣ ሣር ውስጥ አንድ አሮጌ ጠመንጃ አገኘችና አነሳች። ጠመንጃው እጇ እንደገባ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ተናገረች።

«መርፌ፣ ሐሙስ የቀኝ ጆሮዬን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉልኝ ነው። ታሽጎ ስለሚወጣ፣ ራስም ስለሚያዞር ብቻሽን አትምጪ ብለውኛል። እና ሌላ ሰው ልጠይቅ አሰብኩ፤ ሌላ ሰው ግን... ዳክዬው ጋ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እና አብረሽኝ ትሄጂ እንደሆነ ነው።»

«እሄዳለሁ» አለች ታላቂቱ ወዲያው።

ታናሺቱ ምንም አልመለሰችም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደሆነ ቀረች። ታላቂቱ ግራ ገባት። ሲጠይቁኝ መለስኩ፣ አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ? እንደገና ፊት ልትነሳኝ ነው? ልትቆጣ ስትል የተቀመጠችበትን አየች። በልማዷ በእህቷ ቀኝ፣ በማይሰማው ጆሮዋ በኩል ነው የተቀመጠችው።

«ወይ የኔ ነገር» አለች።

በርጩማዋን አንጠልጥላ ተነሳች፣ በወንበሩ ጀርባ ዞረች፣ በግራ በኩል ዘፍ ብላ ተቀመጠች፣ ወደ ጆሮዋም ጠጋ አለች።

«እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ! ማልጄ ተነስቼ እሄዳለሁ! እስክትወጪም በር ላይ እቀመጣለሁ!»

ታናሺቱ ጆሮዋን ይዛ ከወንበሯ ሸሸች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ጣቷ ግን ጠመንጃውን አልለቀቀም።

«አትጩኺብኝ፣ እትዬ» አለች። «ማይኩ ክፍት ነው፤ ዳክዬው ሁሉ ይሰማናል።»